ወጥ የተረጨበት ግድግዳ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ቀለም ማን ያውቃል ብላችሁ ጠይቁ፤ ከካርቲየ 6 እስከ ባልባላ የሚጠሩላችሁ እኔን ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፈረንሳይኛውን ከቀለም ጣሳ ላይ፣ ሶማልኛውን ከአሠሪዎቼ አፍ፣ ዐረብኛውን ከባለሱቆች ለቅሜ ነው እዚህ የደረስኩት። ታዲያ ትናንት ልጄ ሃና ለአዲሱ ቤቷ ማድ ቤት በስልኳ የቀለም መዓት ደርድራ፣ "አባዬ፣ የቱ ይሻላል?" ስትለኝ ሳቄ መጣ።

"ስልክሽን አስቀምጪና ወጥ አምጪ!" አልኳት።

ወጡ ታሪክ አለው።

ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ከአገሬ ልጆች ጋር ወደ የመን ልሻገር መጥቼ፣ ጀልባ እስኪገኝ የቀን ሥራ እሠራለሁ። አስቴርን ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ካርቲየ 6 ውስጥ አንዲት ሶማሌ ባልቴት ቤት ተቀጥራ ታበስላለች፤ ሽንኩርቷ ሲቁላላ መንገደኛ ያቆማል። እኔንም አቆመኝ።

አንድ ቀን በር ላይ ሆና፣ "ማዳም ልጇን ልትድር ነው። ማድ ቤቱን የሚቀባላት ሰው ትፈልጋለች" አለችኝ።

"ከእኔ የተሻለ አታገኝም" አልኳት። እስከዚያ የቀባሁት አንድ የብረት በር ብቻ ቢሆንም፣ ዓይኔ አንዴ ያየውን አይረሳም።

"ካበላሸህ እኔም አብሬህ ነው የምባረረው።"

"ካሳመርኩስ?"

"እስቲ መጀመሪያ አሳምር!" ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

ማዳም፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካለ ሱቅ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ መርጣ ነበር። ደጅ ፀሐይ ላይ ሲታይ እንደ ባሕር ያበራል። ወሩ ግን ሐምሌ ነው። በጅቡቲ ሐምሌ ያ ትኩስ ነፋስ ሲነሳ፣ ሰው መስኮቱን ሁሉ ጠርቅሞ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያበስለው።

"ማዳም፣ ቀለም የሚመረጠው በሱቁ ፀሐይ አይደለም፤ በሚኖርበት ቤት ነው" አልኩ። አስቴር እየፈራች ተረጎመችልኝ።

የባሕር ጨው የላጠውን ግድግዳ ፈቀፈቅሁ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞላሁ፤ ሲደርቅ ሦስት ሰፋፊ ናሙና ቀባሁ፦ አረንጓዴውን፣ ነጭ፣ የተላጠ ሙዝ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ። እያንዳንዱን ግማሹን በደብዛዛ፣ ግማሹን በሚያንጸባርቅ የዘይት ቀለም። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ መስኮቱን ዘግተን ሦስታችን ገባን። አረንጓዴው ከሰል መስሏል። ነጩ ዐመድ። ቢጫው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ መብራት ሳይበራ ፋኖስ ሆኗል!

ማዳም አጨበጨበች። እኔ ግን መች ጨረስኩ! ጭልፋ አንስቼ ከአስቴር ድስት ቀይ ወጥ ዛቅሁና ግድግዳው ላይ፣ በቢጫው ሁለቱም ግማሽ ረጨሁት።

"ዋርያ! አብደሃል?" ማዳም ጮኸች።

"ወጤን! ከማለዳ የለፋሁበትን ወጤን!" አስቴር ማማሰያ ይዛ መጣችብኝ።

"ቆዪ፣ እህቴ፣ ቆዪ! ትንሽ ይድረቅ!"

እስኪደርቅ ድረስ ሁለቱም ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አነሳሁ። ደብዛዛው ቀለም የወጡን ዘይትና በርበሬ ጠጥቶ እድፉን አልለቅም አለ። የሚያንጸባርቀው ግን አንዴ ሳብሰው ጥርግ! ማዳም ጨርቁን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ሞከረችው።

"ዋላሂ! ቢጫው፣ የሚያንጸባርቀው ይሁን! ሳሎኑንም አንተ ነህ የምትቀባልኝ።"

አስቴር ማማሰያዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማዳም እንዳትሰማ በአማርኛ፣ "ወጤን ግን ትተካልኛለህ" አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ እንባዬ እየወረደ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም። ጓደኞቼ ጀልባው ሊነሳ ነው ብለው ሲጠሩኝ እጄ ገና ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። "በሰላም ግቡ" አልኳቸው።

ትናንትም ሃና ጭልፋዋን ሞልታ ወደ ግድግዳው ስትሄድ፣ እናቷ ከኋላ "አሁንም ወጤን!" ብላ ጮኸች።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ያን ማድ ቤት ቀባሁ። ሳሎኑን ቀባሁ። ለሠርግ መጥቶ ማድ ቤቱን ያየ ጎረቤት ሁሉ ጠርቶኝ፣ የእሱንም ቀባሁ። በአራት ቋንቋ ስለ ቀለም ተከራክሬ ረታሁ። ባልባላ ላይ የራሴን ቤት ሠራሁ። ባሕሩን ሳልሻገር ቀረሁ። አስቴርን አገባሁ። ወጡን ግን፣ እሷ እንደምትለው፣ እስከ ዛሬ አልተካሁም።