በረዶ የነካው ብልቃጥ

በጤና ጣቢያችን ፍሪጅ የሚጠግነውን ሰው «ቴርሞሜትሩ» እንለዋለን። ስሙ የወጣለት ከሙያው አይደለም። የሰው እምነት ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሳይለካ ውሎ ስለማያድር ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንም።

በወጣትነቱ የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ሲጠግን ኖሮ በኋላ ወደ እኛ መጣ። ጌታን ካገኘ ወዲህ ሳይሰብክ አንድ ብሎን አይፈታም። የፍሪጁ በር ጎማ ሲላላ «ሲስተር፣ ዓለም ወደ ልባችን የምትገባው በዚህች ቀዳዳ ነው» አለኝ። ቀዳዳዋን ለመድፈን ግን ሦስት ወር ፈጀበት። እሁድ እሁድ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ ይዞ መድረክ ላይ ይወጣና ይጎነጫል፤ ከዚያ ጉባኤው ፊት እንትፍ! «ለብ ያለ አማኝ እንዲህ ነው የሚተፋው!» ሕዝቡ ያጨበጭባል። ፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ጫማቸውን ይጠርጋሉ።

እኔም አማኝ ነኝ፤ እዚያው ጉባኤ ውስጥ አራተኛው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ። የምንቀው እምነቱን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

እኔ ሕፃናት ከታቢ ነኝ። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ይህን በትልልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዓርብ ከሰዓት ቴርሞሜትሩ በመከራ ጎማውን ቀይሮ ሲጨርስ ፍሪጁ አምስት ላይ ነበር፣ ልክ በልኩ። ለእሱ ግን አምስት ዲግሪ ለብታ ነው። እኔ ካርድ ስሞላ የቅዝቃዜውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ከዜሮ በታች አራት ይላል። ብልቃጦቹ ድንጋይ ሆነዋል። ውጭ አግዳሚው ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተደርድረዋል። አስጠራሁት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያዞርኩት» አለ ኮራ ብሎ። «ቀዝቃዛ ከሆነ አይቀር ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ይሁን ብዬ ነው።» አንዱን ብልቃጥ በመዳፉ አሙቆ አቀለጠና ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። «ይኸው! ምን ሆነ?»

«ይህ ክትባት በረዶ ከነካው አይሠራም፣ ጋሼ። ካርዳቸው ላይ ተከተቡ ተብሎ ይጻፋል፤ በሽታው ሲመጣ ግን የሚከላከልላቸው ነገር የለም። ሁሉም ይጣላል፤ ሪፖርትም እጽፋለሁ።»

«ሪፖርት?» ድምፁ ወዲያው ቀጠነ። «ኧረ ሲስተር፣ ስሜን ልታጠፊው ነው? እሁድ ማን ይሰማኛል? ጸልየንበት እንስጣቸው። እግዚአብሔር የበረዶውም ጌታ ነው።»

ደሜ ፈላ። የበረዶው ጌታ ማዞሪያውን አልነካም፤ የነካው እሱ ነው።

ጠዋቱን ከጎረቤት ጤና ጣቢያ ለማነጻጸሪያ ብቻ በሳጥን ያስላክሁት፣ በረዶ ያልነካው አንድ ብልቃጥ ነበረኝ። እሱ ካቀለጠው ጋር አንድ ላይ ናጥኩና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። መጀመሪያ መንታ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ድፍርስ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የእሱ ከላይ ጠርቶ ከታች ዘቀጠ። ደህናው እንደተናጠ ቀረ።

እምነትም ውርጭ ሲመታው እንዲህ ይመስለኛል። መለያ ወረቀቱ አይላጥም፣ ቀለሙም አይለወጥም፤ እሁድ ጠዋት ከፍ አድርገህ ብታየው ምንም አይወጣለትም። ችግር አንዴ ሲንጠው ብቻ ነው የሚታወቀው። እኔ ይህን እያሰብኩ እሱ ብልቃጡን በሁለት ጣቱ አንስቶ እንደገና ናጠው፣ ዝቃጩ እንዲጠፋ። እንዲህ ያለ ነውረኛ አይቼ አላውቅም።

«ዓይን ያታልላል» አለኝ። «እምነት የማይታየውን ነው የሚያየው። በኔ ይሁንብሽ፣ እናቶቹ ይግቡ።»

እናቶቹ ተመልሰው እንዲሄዱ ልነግራቸው ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። እነሱ ግን የተጠሩ መሰላቸው። ፊተኛዋ ዘው ብላ ገባች፣ የሁለት ወር ልጇን ታቅፋ። የቴርሞሜትሩ የገዛ ልጅ ነበረች።

«አባዬ! እዚህ ነህ እንዴ? በል የልጅ ልጅህን ያዛትና ሲስተር ትውጋት፤ እኔ ማየት አልችልም።»

ቴርሞሜትሩ ብልቃጡን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዛሬ አይሆንም። ሐሙስ ታመጫታለሽ። ሂጂ አልኩሽ እኮ፣ ውሰጃት!»

ሁለተኛዋ እናት የልጇን እጅጌ ሰብስባ፣ ክንዱን አዘጋጅታ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ጋሼ» አለችው፣ «የኔንስ?»

ዞር ብሎ እኔን አየኝ፣ እንድመልስለት። እኔ የሪፖርቱን ወረቀት አወጣሁ።