ሞያሌ ላይ የተፈታው የእናቴ መቀነት

ከሐዋሳ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ባሌ ደርግ ሲያሳድደው ቀድሞኝ ናይሮቢ ገብቷል። ዳዴ የሚለውን ልጃችንን ሐዋሳ አጠገብ ቱላ ለምትኖረው እናቴ ተውኩላት። እናቴ ከወገቧ መቀነቷን ፈትታ ሰጠችኝና፣ "ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ይይዝልሻል" አለችኝ። ልጁን ከወለድኩ ወዲህ ማህፀኔ ወደ ታች እየወረደ እንደሚያስቸግረኝ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ለባሌ እንኳን አልነገርኩም፣ አፍሬ።

መቀነቱን ስምንት ዙር ጠምጥሜ፣ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገድኩ ሞያሌ ደረስኩ። አማርኛ የምትችል የኬንያ ፖሊስ አስቆመችኝ።

"ወርቅ ደብቀሻል። አረማመድሽ ያስታውቃል።"

"ወርቅ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"የራሴ ነው።"

"የራስሽ ከሆነ ለምን ትደብቂዋለሽ?"

እየሳቀች ጓዳ አስገባችኝ፤ ስታስፈታኝ ግን ሳቋን አቆመችና፣ "ናይሮቢ እንደገባሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እኔም ታክሜ ነው የዳንኩት" አለችኝ።

ናይሮቢ ኡጋሊ የሚሉትን ነጭ ገንፎ ቆጮ መስሎኝ ጎረስኩና ናፍቆቴ ባሰ። ክሊኒክ ለመሄድ ደግሞ ሁለት ወር ፈራሁ። በመጨረሻ ስሄድ ነርሷ እንደ ጉንፋን ቀለል አድርጋ አስረዳችኝ፦ ማህፀንን ከሥር ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች በምጥና በሸክም ይላላሉ፣ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፣ እርግማን አይደለም። የሚደግፍ የጎማ ቀለበት አስገባችልኝ። ሽንት እንደሚቋጥር ሰው ከታች ጨምቄ እንድለቅ አስተማረችኝ። መቀነቱን ስታይ ራሷን ነቀነቀች፤ ሆድ ሲጠብቅ ማህፀኑን ቁልቁል ይገፋዋል አለች። እኔ ጎበዟ በወረደ ቁጥር አጠብቅ ነበር!

ይኼን ለእናቴ በደብዳቤ መጻፍ አልፈለግሁም። ደብዳቤ ተከፍቶ ይነበባል ይባል ስለነበር፣ ማህፀኔን ለቀበሌው ሊቀመንበር ማስነበብ መሰለኝ። ቀኑን ብቻ በደብዳቤ ተቀጣጥረን፣ ሐዋሳ ፒያሳ ካለው ስልክ ቤት ጠበቀችኝና ደወልኩላት።

"እማዬ፣ ዳንኩ ማለት ይቻላል። መቀነቱ ነው ለካ የሚያባብሰው። ሸክምም አይሆንም።"

"እኔም አንቺን ከወለድኩ ጀምሮ ለዚሁ እኮ ነው የማስረው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ያን መቀነት ወገቧ ላይ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን እንኳን ለምን እንደምታስረው አልጠየቅኋትም።

"ፍቺው፣ በእናትሽ። ሐኪም ቤት ሂጂ።"

"መቀነቱንማ ላንቺ ሰጠሁሽ። አሁን የማስረው በልጅሽ ማዘያ ነው። እሱን ሳዝል ፈትቼ፣ ሳወርደው መልሼ እታጠቀዋለሁ።"