የጸደንያ አሥር ማርክ

ጸደንያ ወልደ ኪዳን ቢቸና መጥታ ግቢዬ ውስጥ ቤት ከተከራየች ዘንድሮ አራተኛ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ሰጧት። ልጆቹ አሥረኛ ሲገቡ «አብሬያቸው ልለፍ» ብላ ለመነች፤ እንዲያ እያለች አሥራ አንደኛ ደረሰች።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት። ያኔ ማባዛቱን በዜማ እናወርደው ነበር። ስድስት ጊዜ ሰባት ለምን አርባ ሁለት እንደሆነ የጠየቀ ልጅ ግን አላስታውስም፤ መምህራችንም ጠይቀውን አያውቁም። ከሳትን አርጩሜ ነበረ።

የጸደንያ አባት ሞጣ አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ቅኔ ቤት ተማሪው አስቦ የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ነገራ ይሉታል። ካልሆነለት «ተመለስ» ይባላል። እሷም ይህን እየሰማች አደገችና ሒሳቡን እንደዚያው አደረገችው። ከመቶው ስድሳው የማጠቃለያ ፈተና ነው፤ አርባው ደግሞ በየጊዜው በሚሰጥ ፈተናና በቤት ሥራ የሚሰበሰብ። ከአርባው አሥሩን ለነገራ ያዘችው። ተማሪው መልሱን ጽፎ ሲጨርስ እንዴት እንዳገኘው ፊቷ ቆሞ ይነግራታል። ክፍለ ጊዜው ስለማይበቃ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዬ በልጆች ይሞላል። ዶሮዎቼ እንኳ ለምደዋቸዋል።

ዐምና ታዲያ ጣጣ መጣ። አንደኛ የምትወጣው አርሴማ የጽሑፉን ሁሉ ደፍና ከነገራው ሦስት አገኘች። አባቷ አቶ ገብረ ሕይወት አቤቱታ አስገቡ። ምክትል ርእሰ መምህሩም ለጸደንያ ቁርጡን ነገሯት፦ አቤቱታው እስከ ሰኞ ካልተነሣ አሥሩ ማርክ ይቀራል፣ እሷም ወደ ዘጠነኛ ትመለሳለች። ልጆቹን አሥራ ሁለተኛ ሳታደርስ ልትለያቸው ነው። እኔ ፈራሁላት፤ እሷ ግን «አባቷ ይምጡና በጆሯቸው ይስሙ» አለች።

ቅዳሜ አቶ ገብረ ሕይወት ልጃቸውን አስከትለው ገቡ።

«ልጄ ወረቀቱን ደፍና ሦስት? ይኼ ሒሳብ ነው ቅኔ ቤት?»

«ቅኔ ቢሆንማ ሦስትም አልሰጣትም ነበር፣ ጋሼ።»

ልጆቹ ሳቁ። «ትሳለቂብኛለሽ ደግሞ!» አሉ አቶ ገብረ ሕይወት።

«ኧረ በጭራሽ። ይቀመጡና እርስዎው ይስሟት።»

አርሴማ ቆመች። አምስት ከሁለት ይበልጣል ብላ ጻፈች፤ ሁለቱንም በኔጌቲቭ አንድ አባዛችና የመብለጡን ምልክት ገለበጠችው።

«ለምን ገለበጥሽው?» አለቻት ጸደንያ።

«ይገለበጣላ፣ ቲቸር።»

«ለምን?»

«መጽሐፉ ላይ አለ።»

አቶ ገብረ ሕይወት በልጅነታቸው ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጠው ያቋረጡ ሰው ናቸው። ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ጸደንያ አፏን ሳትከፍት እሳቸው «ተመለሺ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ደነገጡ።

«ጉድ! የራስዎን ልጅ መለሷት» አልኋቸው።

የልጅቱ ዐይን እንባ አቀረረ። አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርደሽ የለ? እሱን አስቢው» አሏት።

በጫማዋ ጫፍ አፈሩ ላይ ዳገት ሠራች። «ሁለት ሰዎች ከአንድ ቦታ ተነሥተው ዳገት ቢወጡ፣ አምስት እርምጃ የሄደው ሁለት ከሄደው በላይ ነው። ፊታቸውን አዙረው ቁልቁል ቢሄዱ ግን... አምስት የሄደው ከታች ይሆናል! ኔጌቲቩ ፊታቸውን አዞረው። የተገለበጠው ለዚህ ነው!»

«አሁን ነገርሽ» አለች ጸደንያ።

«ማርኳስ?» አሉ አባት።

«የበፊቱ ሦስት ነው። ይኼ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይያዝላታል።»

«አይ አንቺ! የመሪጌታ ልጅ!» አሉ፤ ግን እየሳቁ ነበር። ሰኞ ጠዋት አቤቱታውን አነሡ። አርሴማ በዚያ ሴሚስተር ሁለተኛ ወጣች።

ዘንድሮ ጸደንያ ከነልጆቿ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የአገር አቀፉ ፈተና ከፊደሎቹ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለበትም። «እዚያ ነገራው ምን ይረባቸዋል?» አልኋት።

«ለራሳቸው ይነግሩና ይመርጣሉ» አለችኝ፣ ደብተር እያረመች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አምኛታለሁ። አሁን አሁን የሌላ ክፍል ልጆችም እየመጡ፣ ቅዳሜ የራሴን ግቢ ለማቋረጥ «እስቲ አሳልፉኝ» ማለት ጀምሬያለሁ።