ኬክ ይዤ በደረቁ ወንዝ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ... ደረቅ ወንዝ መሃል ቆሜ ፎቶ እያነሳሁ ነበር። አጠገቤ ድንጋይ ላይ የሰርግ ኬክ ተቀምጧል።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። መርሳ ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፣ እዚህ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። አብራኝ የምታስተምረው ዘይነባ እህቷ ልታገባ ነበርና «ካልመጣሽ ተቀያየምን!» አለችኝ። ቤተሰቦቿ ያሉት ከመርሳ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ጠዋት ወልድያ ድረስ ሄጄ ባለ ሁለት ደረጃ ኬክ ገዛሁ። በሚያዝያ ፀሐይ!

ከመርሳ ባጃጅ ያዝኩ። አጠገቤ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሼህ ይማም ይባላሉ። እሳቸውም ወደዚያው ሰርግ ናቸው፤ እንዲያውም ኒካሁን የሚያስሩት እሳቸው ናቸው። ኬኩን እንዳይነካብኝ ብለው ከዘራቸውን መንገዱን ሙሉ ወደ ውጭ አውጥተው ነው የሄዱት።

ባጃጁ አሸዋው ላይ ስለማይሄድ ወንዙ ዳር አወረደን። ወንዝ ስላችሁ... ጠብታ ውሃ የለውም። ሰፊ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። ሼህ ይማም «እስቲ ትንሽ ልረፍ፣ አንቺ ቀስ እያልሽ ሂጂ ልጄ» ብለው ጫማቸውን አወለቁና ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። እኔ ኬኬን ታቅፌ ገባሁ።

መሃል ስደርስ ግን አላስችል አለኝ። ይሄንንማ ተማሪዎቼ ማየት አለባቸው። የደረቀ ወንዝ፣ ውሃ ያንከባለለው ድንጋይ፣ ከጀርባ ተራራው... የአንድ ወር ትምህርት በአንድ ፎቶ! ኬኩን አስቀምጬ ማንሳት ጀመርኩ።

«ልጄ! ውጪ!»

ዞር አልኩ። ሼህ ይማም ብድግ ብለው ከዘራቸውን ያወዛውዛሉ። ፎቶ የማይወዱ መስሎኝ «እርስዎን አላነሳሁም አባቴ!» ብዬ ጮህኩ።

«ወንዙ እየመጣ ነው! ውጪ እልሻለሁ!»

ቀና አልኩ። አንድ ቁራጭ ደመና የለም። የአስተማሪነት ኩራት ነው መሰለኝ... «ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል!» ብዬ ቆምኩ።

ሼህ ይማም በባዶ እግራቸው አሸዋው ውስጥ ገብተው መሮጥ ጀመሩ። የደነገጥኩት ያኔ ነው፤ ሰባ የተጠጉ ሰው ናቸው። ደርሰው እጄን ያዙና ጎትተውኝ ተመለሱ። ግማሽ መንገድ ላይ ኬኩ ትዝ አለኝ። ልመለስ ስል እጄን ጠበቅ አደረጉት።

«ተዪው! ኬክ ይጋገራል!»

ዳር ወጥተን ትንፋሻችን ሳይመለስ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ የጭነት መኪና መሰለኝ። ከዚያ የእርጥብ አፈር ሽታ... ከዚያ መታጠፊያው ላይ ቡናማ ግድግዳ የመሰለ ውሃ ብቅ አለ። ግንድ ይዟል፣ ጀሪካን ይዟል፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የአጥር በር ይዟል። ኬኩ የነበረበትን ድንጋይ በአንዴ ዋጠው። እኔ የቆምኩበትንም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሼህ ይማም «አልሐምዱሊላህ... አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ ውሃ ሰጡኝ።

ከማዶ ሰርገኛው ተሰብስቧል። ዘይነባ በአዲስ ቀሚሷ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭናለች። አንዱ «ሼህ! ኒካሁን በስልክ እሰሩት!» ብሎ ጮኸ።

«ሙሽራው ቸኮለ እንዴ? ውሃው ይጎድላል፣ እመጣለሁ!» አሉና ሁሉም ሳቀ።

ነፍሴ መለስ ስትል ከቦርሳዬ ማስታወሻ አወጣሁ። «እንዴት አወቁ አባቴ? በነፋሱ ነው? በወፎቹ?» ከአያት ቅድመ አያት የመጣ የተፈጥሮ ምልክት ልጽፍ ተዘጋጅቻለሁ።

ሼህ ይማም ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ከኪሳቸው ትንሽ፣ በላስቲክ የታሰረች ስልክ አወጡ።

«መኮንን ደውሎ።»

አቶ መኮንን ደጋው ላይ፣ ወንዙ ከሚነሳበት አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ክርስቲያን ናቸው። በወጣትነታቸው ከሼህ ይማም ጋር ገበያ ላይ በአንድ በግ ተጣልተው ነው የተዋወቁት። አሁን ደጋው ላይ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይደውላሉ። «ልኬልሃለሁ» ይላሉ፣ ይዘጋሉ። በቃ። ከታች ደግሞ ማንጎና ብርቱካን ሲደርስ ወደ ላይ ይላካል።

«ስልክ ሳይኖርስ?» አልኩ።

«ያኔማ በሬም ሰውም ይወስድ ነበር። ታናሽ ወንድሜንም ወስዶታል።»

ማስታወሻዬን ዘጋሁት። ደጋና ቆላን ሰሌዳ ላይ ሳስተምር እንደማይገናኙ ሁሉ መሃላቸው ቀጥ ያለ መስመር አሰምር ነበር... እጄን ምን እንደነካው እንጃ።

አስር ሰዓት ሲያልፍ ውሃው ጉልበት ድረስ ወረደ። ከማዶ ጎረምሶች መጥተው እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። ዘይነባ አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሙሽራዋ ኩሏ እንዳይበላሽ ሸሸችን። ኒካሁ ታሰረ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ።

ጭፈራው መሃል ሼህ ይማም ጠሩኝ። ለአቶ መኮንን ደውለው «አንዲት እንግዳ ነበረችብን፣ ተርፋለች፣ እንካ አናግራት» ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ...» አልኳቸው።

«ምን አደረግሁና! ዘነበ፣ ደወልኩ» አሉ። «አገርሽ የት ነው ልጄ?»

«አዲስ አበባ።»

«እሰይ። እዚያስ ከላያችሁ ማን አለ?»

አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኖሬ... አራተኛው ላይ ማን እንዳለ አላውቅም።