የአማች ስም

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ጃፓን ከፓስፊኳ ኒው ብሪተን ደሴት ገና ሳይወጣ፣ የቀድሞ ገዢዎቿ አውስትራሊያውያን ሹመቱን ተከፋፍለው ጨርሰው ነበር። ባሕር ማዶ ካምፕ ውስጥ ካርታ ዘርግተው፣ ሻይ እየጠጡ፣ የትኛው የመንደር ሹም እንደሚመለስ፣ የትኛው ገመድ እንደሚገባው ይማከራሉ። አገሩን የሚያውቅ ሰው ሲያጡ ሳጅን ቶሊፑርን አስጠሩት።

ቶሊፑር የደሴቲቱ ተወላጅ፣ ለነጮቹ ፖሊስ ሆኖ ያረጀ ሰው ነው። ጃፓን ሲገባ የመንደሩ ሹም፣ የእህቱ ባል ቶኪኪላ፣ ጎደሬ ማሳው ውስጥ ደበቀው። ጃፓኖች «የት አለ?» እያሉ የፊት ጥርሱን ሲያረግፉት እንኳ ትንፍሽ ሳይል፣ በታንኳ አሻገረው። ቶሊፑር ዛሬ የሚተነፍሰው በዚያ ሰው ነው።

ካፒቴን ዌልስፎርድ የሹሞቹን ስም በየተራ እየጠራ ጠየቀው። ቶሊፑርም ያወቀውን መለሰ።

«ይሄኛውስ?»

«እሱ እንኳ ሌባ ነው ጌታዬ። ጃፓን አላስተማረውም፣ ድሮም ሌባ ነበር።»

ካፒቴኑ ሳቀ። «ቶኪኪላስ?»

ቶሊፑር አንገቱን ደፋ። በእነሱ ዘንድ የአማች ስም አይጠራም፤ ሰው ፊት መጥራት ባለ ስሙን ማዋረድ ነው፤ ሌላ ሰው ሲጠራውም ዝም ይባላል። ሌላ የመንደሩ ሰው አጠገቡ ቢኖር «አንተ ተናገርልኝ» ይለው ነበር፤ ማንም የለም። ፊቱን ወደ ድንኳኑ በር አዞረ።

ካፒቴኑ ትንሽ ጠብቆ ትከሻውን ቸብ አደረገው። «ገባኝ ሳጅን፤ ይከብድሃል። ተወው በቃ።»

ቶሊፑር ደስ አለው። ይሄ ነጭስ ወጋችንን ያውቃል፣ ሲል አሰበ። ሞኝ! ሰውየው የገባው ሌላ ነበር፤ ቶኪኪላ ከጃፓን ጋር ያበረ፣ ዘመድ የሚያፍርበት ከሃዲ ነው ብሎ ደመደመ።

ጦርነቱ አለቀና ነጮቹ ተመለሱ። ቶኪኪላን በመጀመሪያው ሳምንት አሰሩት። ለጃፓን ጦር ዕቃ ተሸካሚ ሰዎች ሰጥቷል ተባለ። ያልሰጠ ሹም የት አለ? ለሌሎቹ ግን የሚናገርላቸው ሰው ነበረ። መንደሩ በተሰበሰበበት ሞት ተፈረደበት።

ያኔ ዘብ የቆመው ቶሊፑር ጠመንጃውን ጥሎ ወደ ፊት ወጣ።

«ጌታዬ፣ የደበቀኝ ቶኪኪላ ነው! ጥርሱን ያጣው በእኔ ነው! ቶኪኪላ ነው!»

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። እስከዚያ ሰዓት ቀጥ ብሎ የቆመው ቶኪኪላ በታሰረ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ያኔ ስጠይቅህ ምላስህ የት ነበር?» አለ ካፒቴኑ። «ምንህ ነው?»

«የእህቴ ባል።»

«እንዲያ በለኛ! ገመዱን ስታይ ነዋ ደግ ሰው የሆነው።» ተነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ሰቀሉት። ሰው ሁሉ ቆሞ እንዲያይ ታዘዘ፤ ሰልፉን የሚያስጠብቀውም ቶሊፑር ነበር። ሬሳው ሲወርድ እህቱ ያቲንጋ ወደ እሱ መጣች። አልጮኸችም።

«ወንድሜ» አለችው፣ «ላታድነው፣ ሰው ፊት ለምን አዋረድከው?»