ለስንብት የወረወርኳት «አደራ»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ ተመልሼ፣ ዓባይ ማዶ የተከራየሁት ቤት በር ላይ ከባጃጅ ስወርድ... ጎረቤቴ እማማ ዘይነብ ደጄ ላይ ዱካ አውጥተው ቁጭ ብለዋል።

ክው አልኩ። ወረታ ያለችው ልጃቸው ወልዳ፣ አርብ ዕለት ስም ሊያወጡ እንደሚሄዱ ሳምንቱን ሙሉ ሲነግሩኝ ነበር። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው።

«እማማ! አልሄዱም እንዴ?»

«እንዴት ብዬ ልሂድ ልጄ? ቤቱን አደራ ብለሽኝ!»

እኔ? መቼ?... ኋላ ትዝ አለኝ። ረቡዕ ጠዋት ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ ስልክ እያወራሁ፣ በአጥሩ በኩል «እማማ፣ ቤቱን አደራ!» ብያቸው ነበር። እንዲያው ለስንብት። እኛ እኮ «ደውይ አደራ፣ ሰላም በይልኝ አደራ» ስንል ነው የምንውለው፤ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?

«ታዲያ ቢደውሉልኝ ምናለ? ይሂዱ እልዎት ነበር እኮ!»

«ወላሂ አላደርገውም! አንዴ ተቀብዬ ደግሞ መልሰሽ ውሰጂው ልልሽ? ይልቅ ትናንት ዝናቡ ሲመጣ ያሰጣሽውን ልብስ አስገብቼልሻለሁ።»

ልብስ ይላሉ... ሦስት ጥንድ ካልሲና አንድ ፎጣ!

«የሕፃኑስ ስም?»

«በስልክ አወጣሁለት» አሉና ቀና ብለው ሳያዩኝ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

አልቻልኩም፣ እንባዬ መጣ። አቅፌ ጉልበታቸውን ልስም ብል እጄን ይዘው ከለከሉኝ። ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር እንኳ ለእኔ ብሎ እንዲህ የሆነ ሰው የለም። እግዜር ይስጥልኝ ማለት እንኳ አነሰብኝ።

ባጃጁ ሳይሄድ አስቆምኩት። «በሉ አሁኑኑ ይነሱ! ቤትዎን እኔ እጠብቃለሁ» ብዬ እያዋከብኩ መናኸሪያ ላክኋቸው። ባጃጁ ሲነሳ አንገታቸውን ብቅ አደረጉና...

«ዶሮዎቼን አደራ!»

ይኸው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ግቢያቸው ውስጥ ነኝ። ጓደኞቼ ጣና ዳር ተቀምጠው «ዓሣው ቀዘቀዘ፣ ነይ እንጂ!» እያሉ ይደውላሉ። «አደራ ተቀብያለሁ» ስላቸው ይስቃሉ።

ይሳቁ። ለእኔ ካልሲ የልጅ ልጃቸው ስም ማውጫ የቀረባቸው ሴት ናቸው፤ ለዶሮዎቻቸው ስል አንድ ዓሣ ቢቀርብኝ ምን አለበት?