የአጎቴ ግድብና የእናቴ ቆጮ

ያን የአፈር ግድብ ሰው ሲያመሰግን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በጃንሆይ ዘመን፣ ከሶዶ ወጣ ብሎ ዳሞት ተራራ ሥር፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ያሠራው ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ የአጎቴን በቆሎ ጠራርጎ ይወስድ ነበር፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ውሃው ከእሱ ማሳ ከተመለሰ የሚወርደው በእናቴ የእንሰት ጓሮ ነው። ይህን እኛም እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል።

በበጋው ደቦ ጠራ። ከታላቅ ወንድም ደቦ መቅረት ነውር ነውና አባቴ ከሁሉ ቀድሞ ዶማውን ይዞ ወጣ። ሴቶቹ አፈር በቅርጫት ያቀርባሉ፣ ወንዶቹ እየዘፈኑ በእግራቸው ይረግጡታል። እናቴ አጥር ሥር ቆማ ባሏ ከረጋጮቹ ጋር ሲዘፍን አየችው። ሲመለስ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አላቀረበችለትም። እኔም ጠላሁት።

ክረምት ሲገባ ግድቡ ጎርፉን አሳምሮ ያዘ። ውሃው ዞሮ በጓሯችን ወረደ፤ የእንሰቱን ችግኝ ነቅሎ፣ እናቴ ቆጮ የቀበረችበት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ስንከፍተው ቆጮው ጠቁሯል፣ ሽታው አያስጠጋም። የዓመት ምግባችን እሱ ነበር። እናቴ ግድቡን እንዲያፈርስ አጎቴን ለመነችው። ጎርፍ የሚያመጣው እግዜር ነው፣ እኔ ምን ላድርግ አላት።

መስከረም ጠባ፣ ጊፋታ ደረሰ። በእኛ አገር ተኳርፎ አዲስ ዓመት መግባት የለም። የተጣላ ይታረቃል፣ በተበዳይ ቤት አብሮ ይበላል፤ ከተበላ በኋላ ነገሩን ማንሳት አይቻልም። ሽማግሌዎች አጎቴን ይዘው መጡ። እናቴ አንድ ክፉ ቃል ሳትናገር ከዚያው ከተበላሸው ቆጮ ጋግራ በእንሰት ቅጠል አቀረበችለት።

«ይብሉ» አለችው። «ግድብዎ ያበሰለው ነው። መብላት ካቃተዎት ያፍርሱት።»

አባቴ መሬት መሬት ያያል። አጎቴ ቆርሶ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እሱ ግን አላቆመም፣ ፍርፋሪ ሳያስቀር በላው። ጣቶቹን በቅጠሉ ጠረገና ቀና ብሎ አያት።

«በይ እንግዲህ፣ ታርቀናል» አላት።

ከዚያ ወዲያ ስለ ግድቡ ማንሳት የእናቴ ነውር ሆነ።